የተቦረቦረ ጥርስና መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች፦ ምሥራቅ አፍሪካ ሁለቱን ለያይታ ማከም ትችላለች?

ጥርሱን ሲያመው ያደረ ሰው ሲነጋ የሚያመራው ብዙውን ጊዜ ወደ ጥርስ ሐኪም አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ፣ በካምፓላም ሆነ በሞቃዲሾ ቅርቡና ርካሹ መድኃኒት ቤት ነው። ከባንኮኒው ማዶ ላለው ባለሙያ ያበጠ ጉንጩን ያሳያል፤ ማስታገሻና ጥቂት የአሞክሳሲሊን እንክብሎች ይዞ ይወጣል። በሁለት በሦስት ቀን ሕመሙ ጋብ ይላል። የተረፉት እንክብሎች ለሚቀጥለው ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣሉ። ጥርሱ ግን እንደተቦረቦረ ነው።

ይህ ተራ የሚመስል ልማድ በ2025 መገባደጃ ከተሰሙ ሁለት ዓለም አቀፍ ዜናዎች ጋር ይገናኛል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የመጀመሪያው በጥቅምት ወር የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት ነው። በ2023 በላቦራቶሪ ከተረጋገጡ የባክቴሪያ ኢንፌክሽኖች ውስጥ ከስድስቱ አንዱ ለመድኃኒት የማይበገር እንደነበር ሪፖርቱ አስታውቋል። ሁለተኛው በኅዳር ወር ከጄኔቫ የመጣ ነው። የሜርኩሪ ብክለትን ለመግታት የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አባል አገራት፣ ከመቶ ዓመት በላይ የተበላሹ ጥርሶች ሲሞሉበት የኖረው አማልጋም የተባለ የብረት ውሁድ እስከ 2034 ከአገልግሎት እንዲወጣ ተስማሙ። ከአማልጋም ክብደት ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው።

አንደኛው ዜና በሆስፒታሎችና በመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ዘንድ መነጋገሪያ ሆነ። ሌላኛው በአካባቢ ጥበቃና በጥርስ ሐኪሞች ዘንድ። ሁለቱን አገናኝቶ የተመለከተ ጥቂት ነው። በእኛ አካባቢ ግን አማልጋምን የሚተካው ሙሌት በአግባቡ መሠራቱና አለመሠራቱ፣ ስንት ሰው አንቲባዮቲክ ይውጣል የሚለውን ጥያቄ በቀጥታ ይነካል።

እንክብሉ ጥርስን ለምን አያድንም?

የጥርስ ሕመም በአብዛኛው የሚጀምረው ባክቴሪያዎች ከስኳር በሚያመነጩት አሲድ ነው። አሲዱ ጠንካራውን የጥርስ ሽፋን ቀስ በቀስ እየቦረቦረ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ በመጨረሻም በተለምዶ "ነርቭ" ከሚባለው፣ ደም ሥሮችና ነርቮች ካሉበት ለስላሳ ክፍል ይደርሳል። ይህ ክፍል ሲቆጣ ያብጣል። ዙሪያው ጠንካራ ግድግዳ ስለሆነ ግን እብጠቱ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ውጋት ከዚህ የሚመጣ ነው።

አንቲባዮቲክ በደም ተጉዞ የሚሠራ መድኃኒት ነው። የጥርሱ የውስጥ ክፍል ሲሞት ደም ወደዚያ መድረሱን ያቆማል፤ መድኃኒቱም እንዲሁ። ባክቴሪያዎቹ ግን በሞተው ክፍል ውስጥ እንደ ምሽግ ተቀምጠው ይቀራሉ። እንክብሉ ወደ መንጋጋ የተዛመተውን እብጠት ለጊዜው ሊያቀዘቅዘው ይችላል፤ ምንጩን ግን አይነካም። ስለዚህም ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም መመሪያ አብዛኞቹ የጥርስ ኢንፌክሽኖች ያለ አንቲባዮቲክ፣ ጥርሱን በመጠገን፣ መግሉን በማውጣት ወይም በመንቀል እንደሚታከሙ የሚያስረዳው። ትኩሳት ሲኖር፣ እብጠቱ ሲስፋፋ ወይም የታማሚው የመከላከል አቅም ሲዳከም መድኃኒቱ ያስፈልጋል። ያኔም ቢሆን ከጥርስ ሕክምናው ጎን እንጂ በምትኩ አይደለም።

በወረቀት ላይ ነገሩ ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ክፍል ባወጣው አኃዝ መሠረት ግን በአህጉሩ ለ10,000 ሰው ያለው የጥርስ ሐኪም 0.33 ብቻ ነው፤ ከዓለም አማካይ አንድ አሥረኛ ገደማ መሆኑ ነው። እነሱም ቢሆኑ በብዛት በዋና ከተሞች የተሰበሰቡ ናቸው። ከዋና ከተማ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚኖር አርብቶ አደር "እንክብል አትውሰድ፣ ጥርስህን አስሞላ" ማለት ምክር ሳይሆን ፌዝ ይመስላል። የመድኃኒት ቤት ባለሙያውን ብቻ መውቀስም እንዲሁ ፍትሐዊ አይደለም። ሕመምተኛው ፊቱ ቆሟል፤ ያለው አማራጭ ደግሞ መደርደሪያው ላይ ያለው ነው።

ሰማያዊው ብርሃን

አማልጋምን ይተካሉ ተብለው ከሚጠበቁት ውስጥ ቀዳሚው ኮምፖዚት የሚባለው የጥርስ ቀለም ያለው ሙሌት ነው። መነሻው አሜሪካዊው ተመራማሪ ራፋኤል ቦወን በ1962 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሙጫ መሰል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የደቀቁ የመስታወት ቅንጣቶች ይደባለቁበታል። ሐኪሙ ለስላሳውን ውሁድ ጉድጓዱ ውስጥ ያስገባና ሰማያዊ ብርሃን ያበራበታል። በውሁዱ ውስጥ ያለው ካምፎርኩዊኖን የተባለ ንጥረ ነገር 470 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ሲውጥ ሞለኪውሎቹ እርስ በእርስ መቆላለፍ ይጀምራሉ። በሰከንዶች ውስጥ ለስላሳው ነገር ድንጋይ ይሆናል።

ታማሚው የሚያየው ይህንን ነው። የማያየው ግን ብዙ ነው። ብርሃኑ ወደ ውስጥ በዘለቀ ቁጥር ይዳከማል፤ ስለዚህ የተለመደው ኮምፖዚት ሁለት ሚሊ ሜትር በሆኑ ስስ ድርቦች እየተሞላ እያንዳንዱ ድርብ ለብቻው መጠንከር አለበት። መብራቱ ከጥርሱ ትንሽ ከራቀ፣ አቅጣጫው ካዘነበለ ወይም አምፖሉ ካረጀ፣ ላዩ ጠንክሮ ሥሩ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ሐኪሙ በመሣሪያው ላዩን ሲነካው ደረቅ ነው፤ ሥራው ያማረ ይመስላል። ሌላም ጣጣ አለ። ብርሃኑ ዓይን ስለሚጎዳ ብርቱካናማ መከላከያ የሌለው ሐኪም ፊቱን ያዞራል፤ ፊቱን ሲያዞር እጁም አብሮ ይንሸራተታል።

በደንብ ያልጠነከረ ሙሌት ዳር ዳሩ ይከፈታል። ኮምፖዚት ሲጠነክር በተፈጥሮው ትንሽ ስለሚኮማተር ክፍተት የመፍጠር ዝንባሌ አለው፤ የብርሃን እጥረት ሲታከልበት ይባስ ይዳከማል። በክፍተቱ የገባው ባክቴሪያ ከሙሌቱ ሥር ሆኖ እንደገና ይቦረቡራል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ያው ሰው ያው ጥርስ ታሞ ወደዚያው መድኃኒት ቤት ይመለሳል።

ይህ የቤተ ሙከራ ሥጋት ብቻ አይደለም። የናይሮቢ ተመራማሪዎች በ2013 በምሥራቅ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ጥናት በጥርስ ክሊኒኮች ያሉ የብርሃን መሣሪያዎች የሚሰጡት ኃይል ሙሌቱ የሚጠነክርበትን ጥልቀትና የላዩን ጥንካሬ እንዴት እንደሚወስን መርምረዋል። በሌሎች አገራት የተካሄዱ ተመሳሳይ ፍተሻዎችም በሥራ ላይ ካሉት መሣሪያዎች የተወሰኑት ከሚፈለገው በታች እንደሚያበሩ ደጋግመው አሳይተዋል። የብርሃኑን ኃይል የምትለካ በእጅ የምትያዝ ትንሽ መሣሪያ አለች፤ ከሌሎቹ የጥርስ ክሊኒክ ዕቃዎች አንጻር ዋጋዋ ውድ የሚባል አይደለም። በአንድ ክሊኒክ ውስጥ መኖሯንና በየስንት ጊዜው ጥቅም ላይ እንደምትውል መጠየቅ ስለ ክሊኒኩ ብዙ ይናገራል።

አማልጋም ጥፋት ብቻ ያለበት አልነበረም። እርጥበትን ይታገሳል፣ ብርሃን አይፈልግም፣ ባለሙያው ቢቸኩልም ይችላል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመዝን ተቋም ባካሄደው ግምገማ በመንጋጋ ጥርሶች ላይ ኮምፖዚት የመክሸፍ ዕድሉ ከአማልጋም እጥፍ ገደማ እንደሆነ፣ ከሙሌቱ ሥር ዳግም መቦርቦርም እንደሚበዛ አመልክቷል። ግምገማው የተመሠረተባቸው ሙከራዎች የቆዩ ናቸው፤ ዛሬ ያሉት ኮምፖዚቶች የተሻሉ ናቸው የሚል ክርክርም አለ። ቢሆንም ሜርኩሪን ማስወገድ ተገቢ ነው ማለትና ምትኩ በራሱ ይሳካል ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንደኔ ከሆነ በጄኔቫው ስምምነት ላይ ትልቁ ሥጋት እዚህ ላይ ነው። አፍሪካውያን ተደራዳሪዎች የማቆሚያ ቀን እንዲቆረጥ በግንባር ቀደምነት ሲጠይቁ ቆይተዋል። ቀኑ ተቆርጧል፤ የብርሃኑና የሥልጠናው ጉዳይ ግን ለየአገሩ ተትቷል።

የስምጥ ሸለቆ ነዋሪዎች ደግሞ የራሳቸው ችግር አላቸው። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የመጠጥ ውኃው ብዙ ፍሎራይድ ስላለው የበርካታ ሰዎች ጥርስ ቡናማ ሆኗል። እንዲህ ያለው የጥርስ ሽፋን ኮምፖዚቱ እንዲጣበቅ የሚቀባውን አሲድ ስለሚቋቋም የተለመደው የአሠራር ደቂቃ አይበቃውም። በአውሮፓ ጥርሶች ላይ የተፈተነ መመሪያ ዝዋይ ወይም አሩሻ ላይ እንዳለ አይሠራም።

ወደ ሆስፒታሉ ስንገባ

ያልታከመ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ኢንፌክሽን ወደ አንገት ሊወርድ ይችላል። ከምላስ ሥር ያለው ሥፍራ አብጦ የአየር ቧንቧን የሚያፍንበት አደገኛ ሁኔታ በአካባቢው ሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ዘንድ እንግዳ አይደለም። እንዲህ ያለው ታማሚ ሲደርስ ቀላሎቹን እንክብሎች ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ሞክሯቸዋል። ሆስፒታሉ የሚሰጠው በመርፌ የሚወሰድ ጠንከር ያለ መድኃኒት ነው፤ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሴፍትሪያክሶን ነው።

ችግሩ የሴፍትሪያክሶን ቤተሰብ የሆኑ መድኃኒቶች እየከዱ መሆናቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጥቅምት ሪፖርት እንደሚለው በአፍሪካ ቀጠና ኢ. ኮላይና ክሌብሲየላ የተባሉት ባክቴሪያዎች ለእነዚህ መድኃኒቶች ያላቸው መላመድ ከ70 በመቶ አልፏል። በአጠቃላይ በአፍሪካ ቀጠና ከተመዘገቡ ኢንፌክሽኖች ከአምስቱ አንዱ መድኃኒት የተላመደ ነው። ሱዳን፣ ሶማሊያና ጅቡቲ በድርጅቱ አከፋፈል በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ቀጠና ስለሚቆጠሩ የእነሱ ከሦስት አንድ ከሚለው የከፋ አኃዝ ውስጥ ይገባል። የአፍሪካ ቀንድ በዚህ ካርታ ላይ ለሁለት ተከፍሏል፤ ድንበር የሚሻገሩት ጀርሞች ግን ይህንን አያውቁም።

ጥርስን የሚያሳምሙትና በሆስፒታል አልጋ ላይ የሚገድሉት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው አንድ ዓይነት አይደሉም። ታዲያ ለጥርስ የተዋጠ አሞክሳሲሊን ሆስፒታሉን የሚመለከተው በምን በኩል ነው? መልሱ አንጀት ውስጥ ነው። የተዋጠው መድኃኒት ኢላማውን መርጦ አይሄድም፤ በአንጀት ውስጥ ያሉ ኢ. ኮላይንና ክሌብሲየላን ጨምሮ ሁሉንም ያገኛቸዋል። ደካሞቹ ይሞታሉ፣ የተላመዱት ይራባሉ፤ የመላመጃውን ዘረ መልም ለጎረቤቶቻቸው ያወርሳሉ። ይህ ሰው በሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ ለወሊድ ወይም ለቀዶ ሕክምና፣ ሆስፒታል ሲገባ ይዟቸው ይገባል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ባርናርድስ የተሰኘው ኢትዮጵያንና ሩዋንዳን ጨምሮ በሰባት አገራት በአራስ ሕፃናት ላይ የተካሄደ ጥናት በግልጽ አሳይቷል። በኢትዮጵያ ጥናቱ የተካሄደው በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነበር። በ2021 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት የአራሶችን ደም ከሚመርዙት ባክቴሪያዎች ቀዳሚው ክሌብሲየላ ሲሆን፣ ከተመረመሩት የዚህ ወገን ባክቴሪያዎች 97 በመቶው ለአምፒሲሊን፣ 70 በመቶው ለጀንታማይሲን የማይበገሩ ሆነው ተገኝተዋል። የእነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ጥምረት ለአራስ ሕፃናት የመጀመሪያው ሕክምና ሆኖ ሲመከር የኖረ ነው። አምፒሲሊንና አሞክሳሲሊን ደግሞ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱን የተላመደ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሌላውንም ይንቃል።

በእርግጥ ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ከጥርስ ሕመም እንደመጣ ለይቶ ማስላት አይቻልም። የእርባታ እንስሳት፣ የጉንፋን እንክብሎች፣ የሆስፒታል ንጽሕናና የፍሳሽ አወጋገድ ሁሉም ድርሻ አላቸው። በዓለም ደረጃ ለሰዎች ከሚታዘዙ አንቲባዮቲኮች አሥር በመቶ ገደማ የሚሆነው በጥርስ ሐኪሞች እንደሚጻፍ ይገመታል። በእኛ አካባቢ ግን የጥርስ እንክብል ብዙ ጊዜ ጨርሶ ስለማይጻፍ ይህ አኃዝም አያየውም። ያለ ማዘዣ የተሸጠ፣ ከመሳቢያ የወጣ፣ ከጎረቤት የተሰጠ ነው።

ሆስፒታሎቹም ቢሆኑ የሚዋጉትን ጠላት በአብዛኛው አያዩትም። ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን ጨምሮ በ14 የአፍሪካ አገራት የተካሄደና በ2022 ይፋ የሆነ ግምገማ ከ50,000 ገደማ የሕክምና ላቦራቶሪዎች ባክቴሪያ የመመርመር አቅም ያላቸው 1.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ሐኪሙ በግምት ያክማል፤ ሲጠራጠርም ጠንካራውን ይመርጣል።

ባክቴሪያ የሚገድል ሙሌትስ?

ተመራማሪዎች ሙሌቱን ራሱን ባክቴሪያ እንዲገድል ለማድረግ ሲሞክሩ ቆይተዋል። የጃፓን ሳይንቲስቶች በ1990ዎቹ ኳተርነሪ አሞኒየም ከሚባለው የኬሚካል ወገን የሆነ ንጥረ ነገር ከኮምፖዚቱ ሙጫ ጋር አቆላልፈው የነካውን ባክቴሪያ እንዲያዳክም አድርገዋል። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ መድኃኒቱ በአንጀትና በደም አይዞርም፣ ያለበት ቦታ ይቀራል።

ነገር ግን የዚሁ ኬሚካል ዘመዶች የሆስፒታል ወለልና ዕቃዎች የሚጸዱባቸው ናቸው። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ እነዚህን ማጽጃዎች ከሰውነቱ የሚያስወጣበት ዘረ መል እንዳለው ከታወቀ ቆይቷል፤ ዘረ መሉ አንዳንዴ አንቲባዮቲክን ከሚያላምዱ ሌሎች ዘረ መሎች ጋር በአንድ ላይ ተያይዞ ይተላለፋል። በአፍ ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥ ሙሌት ይህንን ያባብሳል የሚል ማረጋገጫ የለም። አያባብስም የሚለውንም ለማወቅ ረጅም ክትትል ያስፈልጋል። አካባቢያችን እንዲህ ያሉ ምርቶችን ለመግዛት ከመቻኮሉ በፊት ተራውን ኮምፖዚት በደንብ የሚያጠነክር መብራት ቢኖረው ይበጀዋል።

ከታንዛኒያ የተጀመረው መንገድ

መልሱ የግድ ውድ መሆን እንደሌለበት ማስረጃው ከዚሁ አካባቢ የተገኘ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ ይሠሩ የነበሩ የጥርስ ሐኪሞች ኤሌክትሪክም ሆነ መቦርቦሪያ መሣሪያ በሌለበት ቦታ፣ የተበላሸውን የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርገው ጉድጓዱን በሚጣበቅ ሲሚንቶ መሙላት ጀመሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ዘዴውን ለዓለም አስተዋወቀ። ዛሬ ለዚህ የሚያገለግለው ግላስ አዮኖመር ይባላል። ተበጥብጦ በራሱ የሚደርቅ፣ ከጥርስ ጋር የሚያያዝ፣ ፍሎራይድም የሚለቅ ነው። ብርሃን አይጠይቅም። የመብራት መቆራረጥ በተለመደባቸው አገራት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጉድለትም አለበት። በአንድ ወገን ብቻ ለተቦረቦረ ጥርስ ጥሩ ዕድሜ አለው፤ ሁለት ሦስት ወገን ለፈረሰ መንጋጋ ግን ይሰበራል። ለእንዲህ ያለው ኮምፖዚቱ፣ ከነመብራቱና ከነሠለጠነው እጅ፣ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄው ከሁለቱ የትኛው የሚል ሳይሆን የትኛው የት ይቀመጥ የሚል ነው። በትምህርት ቤቶችና በጤና ጣቢያዎች፣ ጉድጓዱ ገና ትንሽ ሳለ፣ መካከለኛ ሥልጠና ያላቸው ባለሙያዎች ግላስ አዮኖመሩን ይዘው ቢደርሱ ወደ ሆስፒታሉ የሚዘልቀው ጥርስ ይቀንሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ግላስ አዮኖመርን በ2021፣ ኮምፖዚትን ደግሞ በ2023 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቷል። አሞክሳሲሊን በዚያው ዝርዝር ላይ ለረጅም ዘመናት አለ። በመስከረም 2024 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተሰበሰቡ መሪዎችም በመድኃኒት መላመድ ሳቢያ የሚደርሰውን ሞት እስከ 2030 በአሥር በመቶ ለመቀነስ ቃል ገብተዋል። በ2019 ከዚሁ ጋር በተያያዘ በዓለም ዙሪያ 4.95 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል።

የሁለቱ ስምምነቶች ፈራሚዎች ብዙዎቹ ያው መንግሥታት ቢሆኑም፣ የጄኔቫው በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች፣ የኒው ዮርኩ በጤና ሚኒስቴሮች በኩል ይፈጸማል። በመጪዎቹ ዓመታት የሚታየው የሚሆነው በየአገሩ የግዢ ሰነድ ላይ ነው፦ የጤና ጣቢያ የመድኃኒት ጥያቄ ሲሞላ ከአሞክሳሲሊኑ በታች ባለው መስመር ግላስ አዮኖመር ይጻፍ ይሆን? ለአማልጋም ምትክ ኮምፖዚት ሲገዛስ የብርሃኑ መለኪያ አብሮ ይገዛ ይሆን? እስከ 2034 ያለው ጊዜ ዛሬ የጥርስ ሕክምና ትምህርት የጀመረ ተማሪ ተመርቆ ጥቂት ዓመታት የሚሠራበት ያህል ብቻ ነው።